ከመኪና ግጭት በኋላ የሚመጣ የአንገት ሕመም (ዊፕላሽ)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዊፕላሽ ሲባል አንገቴ ላይ ምን ደረሰ ማለት ነው?

መብራት ላይ ቆመው ሳለ ሌላ መኪና ከኋላ ሲገጭዎት ወንበሩ ጀርባዎን ወደፊት ይገፋዋል፤ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝነው ጭንቅላትዎ ግን ለቅጽበት ባለበት ይቀራል። በዚያች ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ በምትሆን ጊዜ ውስጥ የአንገት የታችኛው ክፍል ወደኋላ ሲለጠጥ የላይኛው ወደፊት ይታጠፋል። ቀጥሎ ጭንቅላት ወደኋላ ተወርውሮ ወደፊት ይመለሳል። ቡሄ ላይ ጅራፍ ሲያጮሁ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ እጅ ይቀድማል፣ ጫፉ ዘግይቶ በበለጠ ፍጥነት ይከተላል። ስያሜውም ከጅራፍ የመጣ ነው። የአንገት ጡንቻዎች ለመጠንከር ከዚህ የበለጠ ጊዜ ስለሚፈልጉ ግፊቱን የሚሸከሙት አጥንቶችን የሚያያይዙት ጅማቶችና ከኋላ ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ናቸው።

አንገት 7 አጥንቶች አሉት። በአብዛኛው ሰው ላይ አንዱም አይሰበርም፣ ህብለ ሰረሰርም አይነካም። ጉዳቱ እግር ሲወለም ከሚደርሰው ጋር ይመሳሰላል። ከመኪና ውጭም ባጃጅ ሲገለበጥ፣ ከፈረስ ሲወደቅ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ሳይታሰብ በትከሻ ሲመቱ ይደርሳል።

በአደጋው ቀን ደህና ነበርኩ፤ በማግስቱ ግን አንገቴን ማዞር አቃተኝ። ለምን?

የተለጠጠ ጅማትና ጡንቻ የሚያብጠው ቀስ እያለ ነው። ሕመሙ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መባሱ የተለመደ ነው፤ ዘግይቶ መጀመሩም አጥንት ተሰብሮ እንደሆነ የሚያሳይ አይደለም። ማጅራት ይጠዘጥዛል፣ በትከሻ አጥንቶች መሀል ይወጋል፣ ከጭንቅላት ኋላ ተነስቶ እስከ ዓይን የሚዘልቅ ራስ ምታት ይኖራል። መንጋጋ ማመም፣ ጆሮ ላይ ጭው ማለት፣ ማዞርና ሐሳብ መበታተንም ይታያሉ። ጭንቅላትዎ ተመትቶ ከነበረ ወይም ለጥቂት ጊዜ ራስዎን ስተው ከነበረ ግን ማዞሩና መርሳቱ ከአንገት ብቻ ላይሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?

ይህን መልስ ሳያነቡ ወደ ታች አይለፉ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ እነዚህ ምልክቶች ለሌሉበት ሰው ነው።

ከአደጋው በኋላ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ከነዘረ ወይም ከደከመ፤ የአንገት አጥንት መሀል ለመሀል ሲነካ ከባድ ሕመም ካለ፤ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፤ አረማመድ ከተንገዳገደ ወይም ቁልፍ መቆለፍን የመሰለ የጣት ሥራ ካስቸገረ፤ ግራ መጋባትና ማስመለስ ካለ፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ መኪናው የተገለበጠበት፣ ከመኪናው ተስፈንጥሮ የወጣ፣ በአውቶቡስ ወይም በከባድ መኪና የተገጨ፣ ከ1 ሜትር ገደማ ወይም ከ5 ደረጃ የወደቀ ሰው ሕመሙ ቀላል ቢመስልም አንገቱ በምርመራ መታየት አለበት።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ አለ። ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የአንገት ደም ሥር በውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ምልክቱም ቀናት ወይም ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ከዚህ በፊት ገጥሞ የማያውቅ ድንገተኛ ከባድ የአንገት ወይም የራስ ሕመም፣ የአንድ ዓይን ቆብ መውረድ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የፊት መጣመም ካለ ሰዓት አይባክን።

አደጋው ቦታ ላይ ደግሞ በቅንነት የሚፈጸም ስህተት አለ፦ የተጎዳን ሰው ብብቱን ይዞ መጎተትና ታክሲ ውስጥ አጣጥፎ ማስገባት። እሳት ወይም ሌላ አስቸኳይ አደጋ ከሌለ ሰውየው ባለበት ይቆይ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ይያዝለት፤ ሌላው አምቡላንስ ይጥራ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ 998 ነው።

ራጅ፣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ መነሳት አለብኝ?

ሁሉም ሰው አያስፈልገውም። ሐኪሙ ከላይ የተጠቀሱትን ምልክቶች ጠይቆና መርምሮ ምንም ካላገኘ፣ አንገትዎንም ወደ ቀኝና ወደ ግራ 45 ዲግሪ ራስዎ ማዞር ከቻሉ፣ ያለ ምስል ሊያሰናብትዎት ይችላል። ይህ ቸልተኝነት አይደለም፤ በብዙ አገር ድንገተኛ ክፍሎች የሚሠራበት የካናዳ የአንገት ምርመራ መመሪያ ነው። ስብራት ከተጠረጠረ ሲቲ ስካን ከራጅ በጣም የተሻለ ነው። ኤምአርአይ የሚታዘዘው ነርቭ ወይም ህብለ ሰረሰር ተነክቷል ተብሎ ሲታሰብ ነው።

«ራጁ ምንም የለውም ተባልኩ፤ ታዲያ ለምን ያመኛል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ የተለጠጠ ጅማትና ጡንቻ አይታይበትም። ሕመምዎ እውነት ነው፣ ፈጠራ አይደለም። በተቃራኒው ኤምአርአይ ተነስተው «ዲስክዎ ወጣ ብሏል» የሚል ወረቀት ሲደርስዎ አይደንግጡ። ዕድሜ ሲገፋ እንዲህ ያለ ለውጥ አንገታቸውን አሟቸው በማያውቁ ሰዎችም ላይ በብዛት ይገኛል። ውጤቱ ትርጉም የሚኖረው ከምልክቱ ጋር ሲገጥም፣ ለምሳሌ ወደ አውራ ጣት የሚወርድ መደንዘዝ በዚያው በኩል ካለ የነርቭ መጫን ጋር ሲጣጣም ነው።

የጉዳቱን ደረጃ ለመለየት በ1995 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኩቤክ የወጣ አመዳደብ አለ። 1ኛ ደረጃ ሕመምና መገተር ብቻ ነው፤ 2ኛው ሐኪሙ ሲመረምር የእንቅስቃሴ መቀነስ ወይም ሲነካ የሚያም ቦታ ሲያገኝ ነው፤ 3ኛው የነርቭ ምልክት ሲጨመርበት፣ 4ኛው ስብራት ወይም የአጥንት መውለቅ ሲኖር ነው። ብዙው ሰው 1ኛና 2ኛ ላይ ነው፤ የቀሩት መልሶችም በዋናነት ለእነዚህ ሁለት ደረጃዎች የተጻፉ ናቸው።

ኮላር (አንገት ላይ የሚታሰር መደገፊያ) ላድርግ?

አያድርጉ። አምቡላንስ ላይ የሚደረገው ጠንካራው ኮላር ስብራት እስኪጣራ ድረስ የሚያገለግል ነው። ከዚያ በኋላ ለስላሳውን ኮላር ገዝቶ ለሳምንታት ማሰር ግን ማገገምን ያዘገያል፤ ጡንቻ ይሰንፋል፣ መገጣጠሚያ ይገተራል፣ ሰውየውም አንገቱን ማንቀሳቀስ ይፈራል። ሕመሙ በጣም ከብዶ ሐኪም ካዘዘልዎት ከ2 ወይም 3 ቀን አይለፍ፤ በየሰዓቱ እያወለቁ አንገትዎን ያንቀሳቅሱ፣ ማታ ያውልቁት።

ወጌሻ ዘንድ ብሄድ ምን አለበት?

ወጌሻ በየሰፈሩ የታመነ ሰው መሆኑ ይታወቃል፤ ብዙዎችም ሐኪም ቤት ስለሚርቅና ስለሚወደድ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ይሄዳሉ። አንገት ግን እጅ ወይም እግር አይደለም። በውስጡ ህብለ ሰረሰር አለ፣ በአጥንቶቹ ቀዳዳ ውስጥ ደም ሥር ያልፋል። ያልታየ ስብራት ያለበትን አንገት በኀይል መጠምዘዝ ሽባ ሊያደርግ ይችላል፤ የተሰነጠቀ ደም ሥር ላይ ደግሞ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ አንገትን ማስጮህ፣ ድንገት ማዞርና ጭንቅላትን ይዞ ወደ ላይ መጎተት ይቅር፤ ፀጉር ቤት ከተቆረጡ በኋላ የሚደረገውም ቢሆን። ትከሻና ማጅራትን በቅባት ቀስ ብሎ ማሸት ግን ሕመሙን ለጊዜው ካቀለለልዎት ክፋት የለውም።

የትኛውን ማስታገሻ፣ ምን ያህል ልውሰድ?

ለአዋቂ ሰው ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ (4 ግራም) ሳይበልጥ። ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች የሆነ፣ ጉበታቸውን የታመሙ ወይም አልኮል አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች መጠኑ ሊቀነስላቸው ስለሚገባ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይጠይቁ። ይህ ካልበቃ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ከምግብ በኋላ፣ በቀን ከ3 ፍሬ ሳይበልጥ፣ ለ5 እስከ 7 ቀን መጨመር ይቻላል።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መውሰድ ማስታገሱን ሳይጨምር ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ጠዋት ክሊኒክ ዳይክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ ማታ አይቡፕሮፌን የሚውጥ ሰው ደርቦ እየወሰደ መሆኑን አያውቅም። የፓኮውን ስም ሳይሆን በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ያንብቡ። ጨጓራ የሚያስቸግራቸው፣ ኩላሊት ወይም ልብ የታመሙ፣ የደም ግፊት ያለባቸው፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች እነዚህን ሁለቱን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት አደጋ ከደረሰባት ደግሞ አንገቷን ብቻ ቢያማትም ጽንሱ እንዲታይ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ትሂድ።

ጾም ላይ ከሆኑ ፓራሲታሞል በባዶ ሆድ ቢወሰድም ጨጓራ አይጎዳም። አይቡፕሮፌን ግን ከምግብ በኋላ ይሁን፤ በሁዳዴ ከጾሙ መፈቻ ሰዓት በኋላ፣ በረመዳን ከኢፍጣርና ከሱሁር ጋር። ትራማዶልና ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶች እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ትራማዶል ሱስም ያስይዛል፤ የመጀመሪያ ምርጫ አይደሉም። በልማድ የሚሰጠው የቫይታሚን ቢ መርፌም የዚህ ጉዳት ፈውስ አይደለም።

በረዶ ይሻላል ወይስ ሙቀት?

የሚመችዎትን ይምረጡ። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ብዙ ሰው ቅዝቃዜ ይቀለዋል፤ ከዚያ በኋላ ትኩስ ፎጣ ወይም የሙቅ ውኃ ከረጢት ጡንቻውን ያላላል። በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያድርጉት። ከእንቅስቃሴው በፊት ማሞቅ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ ብቻውን ግን አያድንም።

የትኞቹን እንቅስቃሴዎች፣ ከመቼ ጀምሮ ልሥራ?

አደገኛ ነገር አለመኖሩ ከተጣራ፣ ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ። የሕክምናው ዋና ክፍል ይህ ነው፤ ማስታገሻውም የሚወሰደው ይህን ለመሥራት እንዲያስችል ነው።

*የመጀመሪያው ሳምንት።* ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ካስቸገረ በጀርባ ተኝተው ይሥሩት። ጭንቅላትዎን ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ያዙሩ፤ መወጠሩ ወይም ሕመሙ ሲጀምር ይቁሙ፣ 2 ሰከንድ ቆይተው ይመለሱ፣ ወደ ግራ ይድገሙ። በእያንዳንዱ አቅጣጫ 10 ጊዜ። ነቅተው ባሉበት ሰዓት በየሰዓቱ ቢሆን ደግ ነው፤ ሥራ ላይ ካልተመቸ በየ2 ሰዓቱ። በቀን አንድ ጊዜ ብዙ ከመሥራት ጥቂት ጥቂቱን ደጋግሞ መሥራት ይሻላል። ቀጥሎ ጆሮዎን ወደ ትከሻዎ ያዘንብሉ፤ ትከሻው ወደ ጆሮ እንዳይነሳ ይጠንቀቁ። ከዚያም የትከሻ አጥንቶችዎን ወደኋላና ወደታች ይሰብስቡ፣ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 10 ጊዜ።

*ከ2ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ።* አንገትን ከፊት በኩል ከውስጥ የሚደግፉ ጡንቻዎች ከአደጋ በኋላ ይሰንፋሉ፤ ካልተቀሰቀሱ ሥራቸውን የላይኞቹ ትልልቅ ጡንቻዎች ይወስዱታል፣ ማጅራት ዘወትር የሚገተረውም በዚህ ነው። ከጭንቅላትዎ ሥር የታጠፈ ነጠላ ወይም ቀጭን ፎጣ አድርገው በጀርባዎ ይተኙ። ጭንቅላትዎን ሳያነሱ አገጭዎን በጣም በትንሹ ወደ ጉሮሮዎ ያስጠጉ። በጣትዎ የአንገትዎን ጎንና ጎን ይንኩ፤ ትልልቆቹ ጡንቻዎች እንደ ገመድ ከተወጠሩ በዝተዋል፣ ይቀንሱ። በ5 ሰከንድ ጀምረው እስከ 10 ሰከንድ ያድርሱት፣ 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ሌላው፦ መዳፍዎን ከጆሮዎ በላይ አድርገው ጭንቅላትዎ ሳይንቀሳቀስ እርስ በርስ ይግፉ፤ ከኀይልዎ ሩብ ብቻ፣ 5 ሰከንድ፣ በግራ፣ በቀኝ፣ በፊትና በኋላ 5 ጊዜ። ትንፋሽ አይያዝ።

*ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት።* ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ በየእጅዎ ይዘው፣ ከወገብዎ ትንሽ ጎንበስ ብለው ክርንዎን ወደኋላ ይሳቡ፤ 10 ጊዜ፣ 3 ዙር። ሲቀል ወደ 1 ሊትር ያሳድጉ። በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የእግር መንገድ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይኑር።

ሲሠሩ ትንሽ ማመሙ ጉዳት እየጨመረ ነው ማለት አይደለም። ከ10 ቢመዘን ሕመሙ በ2 ያህል ከፍ ብሎ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደነበረበት ከተመለሰ ልኩ ነው። በማግስቱ ጠዋት ብሶ ከተነሱ ቁጥሩን በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ክንድ ላይ አዲስ መደንዘዝ ከመጣ ግን ያቁሙና ይታዩ። ሕመሙ የጠፋ ዕለት እንቅስቃሴውን መተው ሌላው ስህተት ነው፤ ጡንቻው የሚጠነክረው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ቢያንስ 6 ሳምንት ይሙላ።

እንዴት ልተኛ?

በጀርባ ወይም በጎን። በጎን ሲተኙ ትራሱ ከትከሻ እስከ ጆሮ ያለውን ክፍተት ይሙላ፤ በጀርባ ሲተኙ ዝቅ ይበል። ሁለት ትራስ ደርቦ አገጭን ደረት ላይ ማጣበቅም፣ በሆድ ተኝቶ አንገትን ሌሊቱን ሙሉ አዙሮ ማደርም ማጅራትን ያደርቃሉ።

ሥራ፣ ስግደት፣ ልጅ ማዘል፣ መኪና መንዳት መቼ ልጀምር?

የቢሮ ሥራ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቻላል፤ ስክሪኑ በዓይን ልክ ይሁን፣ በየ30 ደቂቃው ይነሱ፣ ስልክን በትከሻና በጆሮ አይያዙ። ሸክም ይለያል። ሙሉ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በ5 ሊትር እየተከፈለ፣ በሁለት እጅ እኩል ተይዞ ይቀዳ። በራስ ላይ መሸከምና በግንባር ገመድ መሳብ ለ6 ሳምንት ይቅር። ልጅ ሲታዘል አንቀልባው በአንድ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይጫን ይሁን፤ ሌላ ሰው አንስቶ ያሳዝል እንጂ ጎንበስ ብለው አያንሱ።

እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ ዝቅ ያለ ከሆነ ለአንድ ሰዓት ማጎንበስ ስለሚሆን በየ5 እንጀራው ቀና ብለው ትከሻዎን ያንቀሳቅሱ። ሹሩባ የሚሠሩ በሁለት ቀን ይከፋፍሉት። ፀጉር ቤት ጭንቅላትን ወደኋላ ጥሎ መታጠብ ለ2 ወር ያህል ቢቀር መልካም ነው።

ስግደትን በተመለከተ የታመመ ሰው አቅሙን አይቶ እንዲቀንስ ንስሐ አባቱን ቢጠይቅ ይፈቀድለታል። ሙስሊሙም ቁጭ ብሎ ወይም በምልክት መስገድ ይችላል። ሲመለሱ ግንባርን ቀስ ብሎ መሬት ማስነካት ይቻላል፤ በፍጥነት ደጋግሞ መውደቅና መነሳቱን ወደ መጨረሻ ያቆዩት። እስክስታም እንዲሁ ነው፦ ትከሻውን ቀስ አድርገው ቀድመው ሊጀምሩት ይችላሉ፤ አንገት የሚመታበትን ግን በሁለቱም በኩል ያለ ሕመም ሙሉ በሙሉ ማዞር እስኪችሉ ይተዉት።

መኪና ለመንዳት መለኪያው ቀን አይደለም። ትከሻዎን ተሻግረው ወደኋላ ሳያመነቱ ማየት ካልቻሉ፣ ኮላር ካደረጉ ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ከወሰዱ አይንዱ።

ለመዳን ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሦስት ወር አልፎኛል፣ አሁንም ያመኛል።

ትልቁ መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ወራት ነው። ከተጎዱት ግማሽ ያህሉ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ፤ ሌሎቹ ከዓመት በኋላም መጠኑ የሚለያይ ሕመም ይቀርባቸዋል፣ አብዛኞቹም በቀላሉ የሚኖሩበት ነው። ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ የሚጠቁመው መኪናው የደረሰበት ብልሽት ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የነበረው የሕመም ጥንካሬ (ከ10 ከ6 በላይ)፣ «ከእንግዲህ አልድንም» የሚል እምነት፣ እንቅስቃሴ መፍራትና የአደጋው ትዝታ በእንቅልፍም በቁምም መመላለስ ነው።

የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይሸፈናል። ከወራት በኋላም ፍሬን ሲጮህ የሚደነግጥ፣ ታክሲ መሳፈር የሚፈራ፣ ግጭቱን በሕልሙ የሚያይ ሰው ጡንቻው ሌት ተቀን እንደተወጠረ ነው። ለዚህ የሥነ ልቦና ሕክምና ያስፈልጋል፤ ሲታከም አንገቱም ይቀለዋል። ስለዚህ ለ6 ሳምንት በትክክል ሠርተው ካልተሻለዎት ሌላ የማስታገሻ መርፌ ከመፈለግ ይልቅ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ይቅረቡ፤ ዘወትር የሚያዞርዎት ከሆነም ለብቻው ይመርመር፣ ከውስጥ ጆሮ የሚመጣው አንዱ ዓይነት ብዙ ጊዜ በአንድና በሁለት ቀጠሮ የሚታከም ነው።

ለመድን ካሳ ምን ወረቀት ልያዝ?

ሕመሙ ማግስቱን ቢጀምርም ወዲያው ታይተው ካርድዎ ላይ ቀኑና የአደጋው ዓይነት እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ከሳምንታት በኋላ የሚጻፍ ወረቀት ጥያቄ ያስነሳል። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የመድኃኒትና የሕክምና ደረሰኝ፣ የሥራ ፈቃድ ወረቀት ይሰብስቡ። በኢትዮጵያ በሕግ መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። በእስራኤል ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የደረሰ አደጋ እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ስለሚቆጠር ለቢቱአህ ሌኡሚ (የአገሪቱ ብሔራዊ መድን ተቋም) ያመልክቱ። የካሳው ጉዳይ እስኪያልቅ ብሎ እንቅስቃሴውን ማቆየት ግን ራስን መጉዳት ነው።

ሌላ ጊዜ እንዳይደርስብኝ ወንበሬን እንዴት ላስተካክል?

የራስ መደገፊያው ለውበት አይደለም። የላይኛው ጠርዙ ከጭንቅላትዎ አናት ጋር እኩል ይሁን፣ ቢያንስ ከጆሮዎ ጫፍ በላይ። ማጅራት ላይ ዝቅ ብሎ ከቀረ ጭንቅላት በላዩ ላይ ወደኋላ ስለሚታጠፍ ጉዳቱን ያብሳል። በጭንቅላትዎና በመደገፊያው መሀል ያለው ክፍተት ከ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ወንበሩን እንደ አልጋ ያስተኛ ሹፌር ይህን ክፍተት በጣም ያሰፋዋል። ሚኒባስ ላይ ምርጫ ካለዎት መደገፊያ ያለውን ወንበር ይያዙ። ቆመው ሳለ ከኋላ ፍሬን ሲያጓራ ከሰሙ ዞረው አይዩ፤ የተጠማዘዘ አንገት የበለጠ ይጎዳል። ጭንቅላትዎን መደገፊያው ላይ ያስደግፉ፣ ፊትዎን ወደፊት ያድርጉ፣ እግርዎን ፍሬኑ ላይ ያጥብቁ።